ልጆቻችን የሳይንስ ትምህርታቸውን በራሳቸው ቃል ይጻፉ



በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ የአብዛኞቻችሁን ልብም ኪስም የሚነካ ነው። አገር ቤት ለእናት ወይም ለእህት አደራ ብላችሁ የመጣችሁት ልጅ፣ ወይም ከደመወዛችሁ እየቀነሳችሁ የምታስተምሩት ታናሽ ወንድም ወይም እህት ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? በተለይም ብዙ ተማሪ "ይከብዳል" የሚለውን የሳይንስ ትምህርት፣ ማለትም ባዮሎጂውን፣ ኬሚስትሪውንና ፊዚክሱን?

በስልክ ስንጠይቅ መልሱ አጭር ነው። "ትምህርት እንዴት ነው?" "ጥሩ ነው።" "ደብተር አለህ?" "አለኝ።" "በርታ እሺ?" "እሺ እማዬ።" ከዚያ ካርዱ ያልቃል፣ ወይም ማዳም ትጣራለች፣ ወሬውም በዚያው ይቆማል። የትምህርት ቤት ክፍያው ተከፍሏል፣ ዩኒፎርሙ ተሰፍቷል፣ ደብተሩም ሞልቷል። ነገር ግን በዚያ ደብተር ውስጥ ያለው ቃል የማን ነው? የመምህሩ ነው ወይስ የልጁ? ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ይህን ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ከመቶ 8.4 ሆኑ። የለፋችሁበት ገንዘብ፣ ያሳለፋችሁት የናፍቆት ዓመት መጨረሻው ይህ ሲሆን ያሳዝናል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመጻሕፍት እጥረት አለ፣ የተጨናነቀ ክፍል አለ፣ በጦርነት የተዘጋ ትምህርት ቤት አለ። እነዚህን ከዚህ ሆነን ልናስተካክላቸው አንችልም። ከዚህ ሆነን ልንረዳበት የምንችል አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም ልጁ የተማረውን በራሱ ቃል እንዲጽፍና የጻፈውን የሚያነብለት ሰው እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

የተገለበጠ ኖት

አብዛኞቻችን የተማርነው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ኖት ይጽፋሉ፣ ተማሪው ወደ ደብተሩ ይገለብጣል። ፈተና ሲደርስ የተገለበጠው ይሸመደዳል። ከፈተናው በኋላ ይረሳል።

ከእናንተ መካከል ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁ ደግሞ "ፕላዝማ" የምንለውን ታስታውሳላችሁ። ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይመጣ ነበር። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ የሚወስደው ቴሌቪዥኑ ነበር። "ቆይ፣ አልገባኝም፣ ድገምልኝ" ቢባል አይሰማም። ብዙ ተማሪ መጻፉን ሳይጨርስ ሥዕሉ ያልፍ ነበር፤ መምህሩም የሚያብራሩበት ጊዜ ትንሽ ነበር።

ሌላው ችግር ቋንቋው ነው። ልጁ እስከ አንድ ክፍል ድረስ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር ቆይቶ ሳይንሱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። በአንዳንድ ቦታ ከ7ኛ ክፍል ይጀምራል፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ በሁሉም ቦታ እንግሊዝኛ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ልጅ የሚያደርገው ዓረፍተ ነገሩን ሳይረዳ በቃሉ መያዝ ነው። "ፎቶሲንተሲስ ኢዝ ዘ ፕሮሰስ ባይ ዊች…" ብሎ ያንበለብለዋል። "እሺ የኔ ጌታ፣ ጓሮ ያለው ባቄላ ታዲያ ምግቡን ከየት ያገኛል?" ብትሉት ግን "ከአፈር" ይላችኋል። ዓረፍተ ነገሩ አፉ ላይ አለ፤ ነገሩ ግን ገና አልገባውም።

ይህን ልዩነት ማወቅ የሚቻለው ልጁ መጽሐፉን ዘግቶ በራሱ ቃል ሲናገር ወይም ሲጽፍ ነው። በራሱ ቃል ሲጽፍ የገባውና ያልገባው ይለያል፤ ለመምህሩም፣ ለእናቱም፣ ከሁሉ በላይ ግን ለራሱ።

ጥናቱ ምን ይላል?

ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። ለተማሪዎች ስለ ፀሐይና ስለ አንድ የባሕር እንስሳ የሚናገሩ አጫጭር የሳይንስ ጽሑፎችን ሰጧቸው። አንደኛው ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ፤ በአማካይ 14 ጊዜ ያህል። ሌላው ቡድን 3 ጊዜ ያህል ብቻ አነበበና ወረቀቱን አስቀምጦ የሚያስታውሰውን ሦስት ጊዜ ጻፈ።

ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከመቶ 83 አስታወሱ። የጻፉት ከመቶ 71 አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደጋግመው ያነበቡት ከመቶ 40 ብቻ ሲቀራቸው፣ ዘግተው የጻፉት ከመቶ 61 አስታወሱ። እንግዲህ ልጃችሁ "አንብቤዋለሁ፣ ዐውቀዋለሁ" ሲላችሁ ውሸቱን አይደለም፤ ለዚያች ሰዓት ያውቀዋል። ፈተናው ግን የሚመጣው ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ነው።

ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1994 ሚሼሊን ቺ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ደም ዝውውር እንዲያነቡ አድርገው ነበር። ገሚሶቹ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ካነበቡ በኋላ ለራሳቸው እንዲያብራሩት ተጠየቁ። ገሚሶቹ ደግሞ ያንኑ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ እንዲያነቡት ብቻ ተደረገ። ለራሳቸው ያብራሩት ልብ ደምን እንዴት እንደሚገፋ በተሻለ ተረዱ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 56 ሙከራዎችን ሰብስቦ መረመረ። በሳይንስ፣ በኅብረተሰብና በሒሳብ ትምህርት ስለሚማሩት ነገር የሚጽፉ ተማሪዎች በአማካይ የተሻለ እንደሚማሩ አሳየ። ልዩነቱ ተአምር የሚባል አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ብቻ ለሚጠይቅ ሥራ ትልቅ ነው።

በሰው ቤት ያደሩ፣ በወጥ ቤት የተማሩ

"እኛ የሰው ቤት ሠራተኞች ነን፤ ሳይንስ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?" የምትል እህት ትኖር ይሆናል። እስቲ የሁለት ሰዎችን ታሪክ እንንገራችሁ።

ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1791 በእንግሊዝ አገር ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ቤታቸውም ድኻ ነበር። ትምህርት ቤት ብዙም ሳይቆይ በ14 ዓመቱ ለመጽሐፍ ጠራዥ ተቀጠረ። ለጥረዛ የሚመጡትን መጻሕፍት ማታ ማታ ያነብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1812 አንድ ደንበኛ ሀምፍሪ ዴቪ የተባሉት ታዋቂ ኬሚስት ለሕዝብ የሚሰጡትን ትምህርት የሚሰማበት ትኬት ሰጠው። ፋራዴይ የሰማውን ሁሉ ጻፈ። ቤቱ ገብቶ በራሱ እጅ እንደገና አስፋፍቶ፣ ሥዕል ጨምሮ፣ ወደ 300 ገጽ አደረሰው። መጠረዝ ሥራው ነውና ጠርዞም ለዴቪ ላከላቸው። በቀጣዩ ዓመት ዴቪ ረዳት አድርገው ቀጠሩት። የሥራ ማመልከቻው ያ ደብተር ነበር ማለት ይቻላል።

ዴቪ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1815 ወደ አውሮፓ አገሮች ሲጓዙ ፋራዴይን ይዘውት ሄዱ። በጉዞው ላይ ረዳት ብቻ ሳይሆን አሽከርም እንዲሆን ተደረገ። የዴቪ ባለቤት እንደ አገልጋይ ይቆጥሩት ነበር፤ ይህም እጅግ ያስመርረው ነበር። የዚህን ነገር ስሜት ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም። እርሱ ግን መጻፉን አላቋረጠም። በየአገሩ ያየውን በማስታወሻው ይጽፋል፤ ለእናቱና ለጓደኛው ደብዳቤ ይልካል። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1831 ማግኔትን በሽቦ ጥቅል ውስጥ በማንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንደሚቻል አሳየ። ከቆቃ እስከ ሕዳሴ ግድብ ተርባይኖች ሲዞሩ መብራት የሚመነጨው በዚሁ መንገድ ነው። የቤተ ሙከራ ማስታወሻውንም በተራ ቁጥር እየከፋፈለ እስከ 16,041 አድርሶታል። ያልተሳካለትን ሙከራ ሳይቀር ይጽፈው ነበር።

ሁለተኛዋ አግነስ ፖከልስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1862 ተወልዳ በጀርመን አገር በብራውንሽቫይክ ከተማ ያደገች ሴት ናት። ፊዚክስ መማር ትፈልግ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግን ዩኒቨርሲቲው ሴት አይቀበልም። ወላጆቿም ይታመሙ ስለነበር ቤት መያዝና እነርሱን ማስታመም የእርሷ ዕጣ ሆነ። ታናሽ ወንድሟ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስ ሲማር መጻሕፍት ይልክላት ነበር።

እርሷም በቤቷ ውስጥ ውሃን መመልከት ጀመረች። የውሃ ፊት ልክ እንደ ተወጠረ ስስ ቆዳ ነው። ዘይት ወይም ሳሙና ሲነካው ያ ውጥረት ይላላል። ይህን ለመለካት 70 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የቆርቆሮ ገንዳ ሠራች፤ አንዲት ትንሽ ክብ ነገር ከውሃው ፊት ለማላቀቅ ምን ያህል ኃይል እንደሚያስፈልግም በሚዛን ለካች። ያየችውን ሁሉ እየጻፈች ለዓመታት ቆየች። እ.ኤ.አ. በ1891 መጀመሪያ ለእንግሊዛዊው ሳይንቲስት ለሎርድ ሬይሊ በጀርመንኛ ደብዳቤ ጻፈች። እርሳቸውም ባለቤታቸው እንዲተረጉሙላቸው አድርገው፣ "ኔቸር" ወደተባለው ታላቅ የሳይንስ መጽሔት ላኩት። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ታተመ። የእርሷን ገንዳ ሌሎች አሻሽለው ተጠቀሙበት። በ1932 በ70 ዓመቷ የከተማዋ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣት።

ሁለቱም ከሊቃውንት ቤት አልተወለዱም፣ ሁለቱም በሩ ተዘግቶባቸው ነበር። ሁለቱም ያዩትንና የሰሙትን በራሳቸው ቃል ጻፉ፤ የጻፉትንም የሚያነብ አንድ ሰው አገኙ። ልጆቻችን ሁሉ ፋራዴይ ይሆናሉ አንልም። አንባቢ ያገኘ ጽሑፍ ግን ምን ያህል እንደሚያራምድ ከእነርሱ እንማራለን።

ቢሳሳትስ?

"ልጁ የተሳሳተ ነገር ቢጽፍስ?" ትሉ ይሆናል። ይጽፋል! ጥቅሙም እዚያው ላይ ነው። "ተክል ምግቡን ከአፈር ይበላል" ብሎ ከጻፈ ስሕተቱ ታየ፤ ከታየ ይታረማል። በቃሉ ሸምድዶት ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ተደብቆ 12ኛ ክፍል ይደርስ ነበር።

ይህ ስሕተት ደግሞ የታላላቆችም ነበር። ቫን ሄልሞንት የተባለ የቤልጅግ አገር ሰው በ1600ዎቹ አንድ የዛፍ ችግኝ በትልቅ ማሰሮ ተከለ። አፈሩ ደርቆ ሲመዘን 90 ኪሎ ያህል፣ ችግኙ ከ2 ኪሎ ጥቂት ቢበልጥ ነው። 5 ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። በመጨረሻ ዛፉ 76 ኪሎ ያህል ሲሆን፣ አፈሩ የቀነሰው ከ60 ግራም በታች ነበር። ስለዚህ ዛፉ ያን ሁሉ አካል ከአፈር አልወሰደም። እርሱ "ሁሉም ከውሃ ነው" ብሎ ደመደመ፤ ይህም ስሕተት ነበር። የቀረውን ከአየር፣ ማለትም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚወስድና ይህን በፀሐይ ብርሃን ወደ ምግብ እንደሚለውጥ የኋላ ሰዎች ደረሱበት። ብርሃን አስተጻምሮ የምንለው ይህ ነው። ቫን ሄልሞንት የለካውን ጽፎ ባይተው ኖሮ ማን ያርመው ነበር?

ስለዚህ ልጁ ሲሳሳት አትቆጡት፣ አትሳቁበትም። "እንዴት ዐወቅህ?" ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ ወደ መጽሐፉ ይሂድ፣ መምህሩንም ይጠይቅ። የዚህ ደብተር ሥራ መምህሩን መተካት አይደለም፤ መምህሩን የሚጠይቀው ነገር እንዲኖረው ማድረግ ነው።

እንዴት እንጀምር?

አንደኛ፣ አንድ የተለየ ደብተር ይኑረው። የኖት ደብተሩ ለብቻው ይሁን፤ ይኼኛው የራሱ ቃል ደብተር ነው። ወፍራም መሆን አያስፈልገውም።

ሁለተኛ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ መጽሐፉን ዘግቶ፣ ሦስት ነገር ይጻፍ። ምን ተማርኩ? ምን አልገባኝም? ይህን ነገር በቤቴ ወይም በመንገዴ የት አየሁት? አምስት ወይም ስድስት መስመር ይበቃል። እንዲህ ሊመስል ይችላል፦

"ዛሬ ስለ ትነት ተማርን። መምህራችን በሳህን ውሃ ፀሐይ ላይ አስቀመጡ። ከሰዓት ስናየው ቀንሷል። የትም አልፈሰሰም፣ ወደ አየር ሄዷል። ያልገባኝ፦ ውሃ ሳይፈላ እንዴት ይተናል? ያየሁት፦ አያቴ ያሰጣችው ልብስ ነፋስ ባለበት ቀን ቶሎ ይደርቃል።"

ከዚህች ትንሽ ገጽ ልጁ የገባውና ያልገባው ይታያል። ነፋሱን ያስተዋለው ደግሞ ማንም ሳይነግረው ነው።

ሦስተኛ፣ በሚቀናው ቋንቋ ይጀምር። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ በሚናገረው ቋንቋ ነገሩን ከጨበጠው በኋላ፣ እዚያው ሥር የእንግሊዝኛውን ስም ይጻፍ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነውና ስሙን ማወቅ ግዴታ ነው። ነገሩን ሳያውቁ ስሙን መያዝ ግን ሸክም ነው።

አራተኛ፣ ሥዕል ይሣል። ልብ፣ ቅጠል፣ የባትሪና የአምፖል ሽቦ በቃል ብቻ አይገለጹም።

አምስተኛ፣ እናንተ አንባቢ ሁኑለት። ገጹን በስልክ ፎቶ አንሥቶ በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ይላክላችሁ። መልሳችሁ ማርክ አይሁን፤ ፊደል ማረምም አይሁን። አንድ ጥያቄ ብቻ ይሁን። "ልብሱን ጥላ ውስጥ ብታሰጣውስ?" በሉት። ስለ ሳይንሱ የማታውቁት ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው፤ "አልገባኝም፣ እንደ ገና አስረዳኝ" ማለት ለልጁ ትልቅ ትምህርት ነው። እናቱን ለማስረዳት ሲል ራሱ ይረዳዋል።

ስልክ የተከለከላችሁ ወይም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የምታገኙ እህቶች፣ ልጁ ገጾቹን ያጠራቅም። በዚያች ቀን የመረጠውን አንዱን ያንብብላችሁ። ሰው ሲመጣ ደብተሩን ይላክላችሁ። ማንበብ የማትችል እህት ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብላት መስማትና መጠየቅ ትችላለች።

ከወጥ ቤታችሁ የሚነሡ ጥያቄዎች

ልጁ የሚጽፍላችሁን ብቻ አትጠብቁ፤ እናንተም የምትልኩት ጥያቄ አላችሁ። ቀኑን ሙሉ የምትሠሩት ሥራ በሳይንስ የተሞላ ነው።

ምስር ወይም ሥጋ አዲስ አበባ ላይ ረጅም ሰዓት ይፈጃል፤ ቤሩት፣ ዱባይ፣ ኩዌት ወይም ጂዳ ላይ ግን ቶሎ ይበስላል። ለምን? ከፍ ባለ አገር የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃ ሳይሞቅ ቶሎ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ። የሚያበስለው መፍላቱ ሳይሆን ሙቀቱ ነው። ክዳኑ የሚቆለፈው የእንፋሎት ድስት ግፊቱን ስለሚጨምር እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል፤ ስለዚህ ፈጣን ነው። መልሱን ግን ቶሎ አትንገሩት፤ ጠይቁትና መጀመሪያ ግምቱን ይጻፍ።

እርሾ በዚህ አገር ሙቀት ለምን ቶሎ ይቦካል? የእንጀራ ዓይን ከየት ይመጣል? አክስቱ ወይም አያቱ ሊጥ ሲያቦኩ በቀዝቃዛ ቀንና በሙቅ ቀን ስንት ሰዓት እንደፈጀ ይመዝግብ።

አንዱን ሙከራ አብራችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። በሳህን ንጹሕ ውሃ አድርጉ፣ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ነስንሱበት፣ ከዚያ ጣታችሁን ሳሙና ነክታችሁ መሐሉን ንኩት። ቁንዶ በርበሬው ወደ ዳር ይሸሻል። ያ አግነስ ፖከልስ ስትለካው የኖረችው የውሃ ፊት ውጥረት ነው። ልጁ እዚያ፣ እናንተ እዚህ ሠርታችሁ ያያችሁትን ጻፉና ተለዋወጡ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለራሳችሁ ደኅንነት ይጠቅማል። በረኪና ከሌላ ማጽጃ ጋር ለምን አይቀላቀልም? በረኪና አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲገናኝም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህ ሳንባን ይጎዳል፣ ሕይወትንም ሊያጠፋ ይችላል። "ብዙ ብቀላቅል ይበልጥ ያነጣል" ማለት አይገባም። ድንገት ሽታው ከመጣ ወዲያው ውጡ፣ አየርም ይግባ። ኬሚስትሪ የሚማር ልጅ ያላችሁ ይህን ጠይቁት፤ የክፍል ትምህርቱ ለእናቱ ሕይወት እንደሚጠቅም ሲያይ በሌላ ዓይን ያነበዋል።

ለመምህራንና ለአሳዳጊዎች

ይህን ጽሑፍ አገር ቤት ለሚገኝ መምህር የምታደርሱ ከሆነ፣ መምህሩ "ይህን ሁሉ ደብተር መቼ አርሜ?" ማለታቸው ተገቢ ነው። ሁሉንም ማረም አያስፈልግም። ተማሪዎች ደብተር ይለዋወጡ፤ እያንዳንዱ የጓደኛውን አንብቦ አንድ ጥያቄ ከሥሩ ይጻፍ። መምህሩ በየቀኑ አምስት ወይም ስድስት ደብተር ብቻ ቢያዩ፣ ክፍሉ ምን እንዳልገባው ያውቃሉ፤ የነገውንም ትምህርት ከዚያ ይጀምራሉ።

አሳዳጊ አያት ወይም አክስት ደግሞ ልጁ ደብተሩን ሲጽፍ "ሥራ ፈትተህ ነው" እንዳይሉት በስልክ አስረዷቸው። ሩብ ሰዓት ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም እንጨምር። የልጁን ገጽ ሁሉ ሰው በሚያይበት ቦታ አትለጥፉት፤ ሙሉ ስሙን፣ ፎቶውንና የትምህርት ቤቱን ስም አብሮ ማውጣት ለልጁ ደኅንነት አይበጅም። በቤተሰብ መካከል ይቆይ። ደግሞም ልጁ የሚሳሳትበት ደብተር ስለሆነ ሌላ ሰው እንዳይስቅበት መጠበቅ ይገባል።

እህቶቻችን፣ ከልጆቻችሁ ርቃችሁ ገንዘብ ስትልኩ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይቆጫችኋል፦ "አጠገቡ ሆኜ ደብተሩን ባላይለት!" አጠገቡ መሆን ዛሬ አይቻል ይሆናል። ደብተሩን ማየት ግን ይቻላል። በሚቀጥለው ስልካችሁ "ትምህርት እንዴት ነው?" ከማለት ይልቅ "ዛሬ የተማርከውን እኔ እንዲገባኝ አድርገህ ጻፍልኝ" በሉት። የመጀመሪያው ገጽ ምናልባት ሁለት መስመር ይሆናል። ጠይቁት፣ አመስግኑት፣ ቀጣዩን ጠብቁ።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉና ከቤት መውጣት ላልተፈቀደላቸው እህቶች በስልክ አንብቡላቸው፤ ለእነርሱም የሚማር ልጅ አላቸው። በሰላም ያቆየን።